ካርዳችሁ ድንገት ቆመ? ካርድ ሰጪዎች ገቢን ስለሚመረምሩበት አሠራር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሜሪካ ያለን ሰዎች ስለ ክሬዲት ካርድ ብዙ እናወራለን። የትኛው ስንት ፖይንት እንደሚሰጥ፣ የትኛው ለ15 ወር ወለድ እንደማያስከፍል፣ ቡና በተጠጣ ቁጥር ይነሳል። ስለ ምርመራው ግን የሚያወራ የለም። የደረሰበት ሰው ያፍርና ዝም ይላል። እኔም ለሁለት ዓመት ዝም ብዬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩን ያነሳሁላቸው ሰዎች ደጋግመው የጠየቁኝን እዚህ ሰብስቤያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ካርዴ ድንገት አልሠራ አለ። ስደውል «አካውንትህ ሪቪው ላይ ነው» አሉኝ። ምን ማለት ነው?

ካርዱን የሰጣችሁ ድርጅት «ይህ ሰው የሚበደረውን መክፈል ይችላል ወይ?» ብሎ እንደገና እያየ ነው። በእንግሊዝኛ ፋይናንሺያል ሪቪው ይሉታል። በዚህ ስም በይበልጥ የሚታወቀው አሜሪካን ኤክስፕረስ ነው። ሌሎችም በየራሳቸው መንገድ ያደርጉታል። ማጣራቱ እስኪያልቅ ካርዱ ሊቆም ይችላል። ከአንድ ድርጅት ሦስት ካርድ ካላችሁ ሦስቱም አብረው ሊቆሙ ይችላሉ። በእናንተ አካውንት ለባለቤታችሁ ወይም ለእናታችሁ ያወጣችሁት ተጨማሪ ካርድም እንደዚያው ነው።

እኔ ያወቅኩት ነዳጅ ማደያ ቆሜ ነው። አሌክሳንድሪያ፣ ዱክ ስትሪት ላይ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ነው፤ ኤርፖርት የማደርሰው ሰው እየጠበቀኝ ነው። ማሽኑ «ገንዘብ ተቀባዩን ያነጋግሩ» አለኝ። ካርዱን በጃኬቴ ጠረግ አድርጌ ደግሜ አስገባሁት። ያው ነው። ኪሴ ውስጥ 14 ዶላር ነበረች፤ በሷ ቀድቼ ሄድኩ። ምን እንደተፈጠረ የገባኝ ከሰዓት ደውዬ ነው።

ብዙ ካርድ ስላመለከትኩ ነው የመጣብኝ?

ሊሆን ይችላል። ድርጅቶቹ መስፈርታቸውን ዘርዝረው አይናገሩም። ግን ጥርጣሬ የሚያጭረው ነገር የታወቀ ነው፦ በአጭር ጊዜ ውስጥ የተደራረበ ማመልከቻ፣ ከለመደው የወጣ ትልቅ ወጪ፣ በወር ውስጥ ሊሚቱን (ካርዱ የሚፈቅደውን የብድር ጣሪያ) ሞልቶ ከፍሎ እንደገና መሙላት፣ ተመላሽ የሆነ ክፍያ፣ ሊሚቴን በጣም ከፍ አድርጉልኝ ብሎ መጠየቅ። አንዱ ብቻውን ብዙ ጊዜ ምንም አያመጣም። ሲገጣጠሙ ነው ችግሩ።

የእኔ እንዲህ ነበር። በ7 ወር ውስጥ 5 ካርድ አወጣሁ፤ ሁሉም የመክፈቻ ቦነስ ነበራቸው። ከዚያ የአባቴ ተዝካር ደረሰ። ለእኔ፣ ለባለቤቴና ለሁለቱ ልጆች የአዲስ አበባ ቲኬት በአንድ ቀን በአንድ ካርድ ቆረጥኩ። 6,200 ዶላር። ለእኔ የአባቴ ተዝካር ነው። ኮምፒዩተሩ ግን ያየው አምስት ካርድ ሰብስቦ ድንገት ማራገፍ የጀመረ ሰው ነው። ዕዳውን ጥሎ ሊጠፋ ያሰበ ሰውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ያን ጊዜ ተናድጄ ነበር። አሁን ሳስበው ከእነሱ ወገን ሆኖ ማየት ይቻላል።

እንዲህ የማድረግ መብት አላቸው?

አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው የክሬዲት ሪፖርት ሕግ አንድ ድርጅት የነባር ደንበኛውን ሪፖርት፣ ማለትም የብድር ታሪኩ የተመዘገበበትን ሰነድ፣ አካውንቱን ለመገምገም እንዲያይ ይፈቅድለታል። በ2009 የወጣው የክሬዲት ካርድ ሕግ ደግሞ ካርድ ከመስጠታቸውና ሊሚት ከመጨመራቸው በፊት የመክፈል አቅማችሁን እንዲያመዛዝኑ ያስገድዳል። የታክስ ወረቀት የመጠየቅ ሥልጣን ደግሞ በአብዛኛው ካርዱን ስትቀበሉ የተስማማችሁበት ውል ውስጥ ተጽፏል። ያ ማንም የማያነበው ረጅም ውል ማለቴ ነው።

ምን ምን ይጠይቃሉ?

ዋናው ፎርም 4506 ሲ ነው። እናንተ ስትፈርሙበት ድርጅቱ የታክስ ትራንስክሪፕታችሁን በቀጥታ ከአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት፣ ከአይ.አር.ኤስ.፣ ያገኛል። ትራንስክሪፕት ማለት ያስገባችሁት ታክስ ማጠቃለያ ነው፤ ቁጥሮቹ በየመስመራቸው ይታያሉ። አንዳንዱ ድርጅት በተጨማሪ የባንክ ስቴትመንት ወይም የደመወዝ ወረቀት ይጠይቃል።

ስትፈርሙ ሦስት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ባዶ ፎርም አትፈርሙ። የሚጠየቀው ዓመትና የተቀባዩ ስም መሞላቱን ራሳችሁ እዩ። ሁለተኛ፣ ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ በ120 ቀን ውስጥ አይ.አር.ኤስ. እጅ ካልገባ ፎርሙ አይሠራም። ሦስተኛው አድራሻ ነው። ታክስ ከሠራችሁ በኋላ ቤት ከቀየራችሁ የድሮውንም የአሁኑንም በየቦታቸው ጻፉ፤ ካልገጠመ ይመለሳል።

የዘንድሮን ታክስ ገና ካልሠራችሁ ያለፈውን ዓመት ያዩታል። የማራዘሚያ ጊዜ ጠይቃችሁ ከሆነ ቀኑ እስከ ኦክቶበር 15 ነውና ያንን ንገሯቸው።

የስሜ አጻጻፍ የተለያየ ነው። ችግር ያመጣል?

ያመጣል፤ እኛ ላይ ደግሞ ይብሳል። ፀሐይ የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሦስት አራት ዓይነት ይጻፋል። አንዱ ሰው ፓስፖርቱ ላይ በአንድ መንገድ፣ መንጃ ፈቃዱ ላይ በሌላ፣ ታክሱ ላይ በሦስተኛ ሆኖ ይገኛል። የአያት ስም አንዱ ወረቀት ላይ አለ፣ ሌላው ላይ የለም። ባልና ሚስትም የተለያየ የአባት ስም ነው ያላቸው፤ መርማሪው ይህን አያውቅም። ፎርሙ ላይ ታክሳችሁ ላይ ያለውን አጻጻፍ ተጠቀሙ። ከካርዱ ጋር የማይገጥም ከሆነ በሁለት መስመር አስረዱ።

ማመልከቻው ላይ የጻፍኩት ገቢ ታክሴ ላይ ካለው ይበልጣል። ምን ላድርግ?

ሰው ሁሉ የሚፈራው ይህን ነው። ሲጠይቁኝም ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚፈጠር እንይ። አብዛኛው ሰው አልዋሸም። ኡበር ወይም ታክሲ የሚነዳ ሰው እንውሰድ። 1099 በሚባለው የዓመት ገቢ ወረቀቱ ላይ 84,000 ዶላር ተጽፏል። ማመልከቻው «ጠቅላላ ዓመታዊ ገቢ» ሲለው 84,000 ብሎ ይጽፋል። ታክስ ሲሠራ ግን የኩባንያው ኮሚሽንና የመንገድ ክፍያ 19,000 ይቀነሳል። በ2024 ለሥራ የተነዳ አንድ ማይል 67 ሳንቲም ይቀነስለት ነበር፤ 40,000 ማይል ከነዳ 26,800 ዶላር ነው። ለራሱ የሚሠራ ሰው ገቢና ወጪውን በሚሞላበት የታክስ ቅጽ፣ በስኬጁል ሲ፣ 31ኛ መስመር ላይ የሚቀረው 38,200 ነው። መርማሪው ፊት አንዱ ወረቀት 84፣ ሌላው 38 ይላል። ከግማሽ በታች ማለት ነው።

እንዲህ ከሆነባችሁ አትደንግጡ፤ የሚብራራ ነገር ነው። ትራንስክሪፕቱ ላይ የስኬጁል ሲ ጠቅላላ ገቢም የተጣራውም ይታያል። ከማይሉ ቅናሽ ውስጥ የተወሰነው የመኪናው እርጅና ነው፤ በየወሩ ከኪስ የሚወጣ ብር አይደለም። ይህን በጽሑፍ፣ በአጭሩ፣ በቁጥር አስረዱ። የስድስት ወር የባንክ ስቴትመንት አያይዙ። «ስሞላ ጠቅላላውን ጻፍኩ፤ የተጣራው ይህ ነው» ማለት ነውር የለውም። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።

አንዳንዱ ቁጥር ግን የሚብራራ አይደለም። ሥራ ያቆመ ሰው የድሮ ደመወዙን ጽፎ ይሆናል። ጓደኛው «100 ሺህ በል፣ ማን ያያል» ብሎት የጻፈም አለ። እንዲህ ከሆነ አዲስ ውሸት አትጨምሩበት። የሐሰት የደመወዝ ወረቀት የሚያዘጋጁ ሰዎች አሉ፤ እባካችሁ አጠገባቸው አትድረሱ። ባንክን ለማሳሳት የሐሰት ነገር ማቅረብ የፌዴራል ወንጀል ነው። ከፍተኛው ቅጣት 30 ዓመት እስራትና 1 ሚሊዮን ዶላር ነው። የተዘጋ ካርድ በሌላ ይተካል። የወንጀል ክስ ግን ዜግነት ለሚጠብቅ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ለወደፊቱ ደግሞ፣ ለራሳችሁ የምትሠሩ ከሆነ ማመልከቻ ላይ የተጣራውን ጻፉ። ሊሚቱ ያንሳል፤ እንቅልፍ ግን ይሰጣል። የባንኩ አፕ «ገቢዎን ያድሱ» ብሎ ሲጠይቃችሁም ዝም ብላችሁ ትልቅ ቁጥር አትጫኑ። ያም መዝገብ ላይ ይቀመጣል።

የባለቤቴን ገቢ ደምሬ ጽፌያለሁ። ይቻላል?

21 ዓመት ከሞላችሁ ይቻላል። ከ2013 ጀምሮ ሕጉ በእርግጥ ልትጠቀሙበት የምትችሉትን የትዳር ጓደኛ ገቢ መቁጠር ይፈቅዳል። የጋራ አካውንት ውስጥ የሚገባ ደመወዝ ጥሩ ምሳሌ ነው። ታክስ አብራችሁ ከሠራችሁ ትራንስክሪፕቱ ሁለታችሁንም ያሳያል። አብሮ የሚኖር ጓደኛ ወይም ቤት የተከራየ ዘመድ የሚያገኘው ግን እናንተ ካልተጠቀማችሁበት የእናንተ ገቢ አይደለም።

ስቴትመንቴ ላይ የእቁብ ብር አለ። እንዴት ላስረዳ?

እቁብ ገቢ አይደለም። የራሳችሁ ገንዘብ ነው ተጠራቅሞ የተመለሰው። 12 ሰው በወር 1,000 ዶላር ሲጥል፣ የደረሰው ሰው አካውንት ላይ በአንድ ቀን 12,000 ይገባል። መርማሪው «ይህ ከየት መጣ?» ቢል እውነቱን ንገሩት፦ የቁጠባ ማኅበር ነው፣ በየወሩ እጥላለሁ፣ በዙር ይደርሰኛል። በየወሩ በዜል (በባንክ አፕ ገንዘብ መላኪያው) የላካችሁት 1,000 ዶላር ስቴትመንቱ ላይ ካለ ጥሩ ማስረጃ ነው። የእቁቡ ጸሐፊ የያዘው ዝርዝርም ይረዳል። ገቢ ነው ብላችሁ ግን አታቅርቡት፤ ታክሳችሁ ላይ ስለሌለ መልሶ ይጥላችኋል።

ጥሬ ብር ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ብር ስታስገቡ ባንኩ ለመንግሥት ሪፖርት ያደርጋል። ይህ የተለመደ ነው፣ ምንም አያመጣባችሁም። ሪፖርቱን ለመሸሽ ብሎ ብሩን 4,000፣ 4,000 እያደረጉ ማስገባት ግን ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ብሩ ንጹሕ ቢሆንም። በዚህ የተጎዳ ደግ ሰው አውቃለሁ።

ደውለው ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሬን ጠየቁኝ። እውነት እነሱ ናቸው?

ዝጉትና ካርዱ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ራሳችሁ ደውሉ። ምርመራው እውነት ከሆነ እዚያም ይነግሯችኋል። ፎርሙንም በአካውንታችሁ በኩል ወይም እነሱ በሰጧችሁ ፋክስና አድራሻ ብቻ ላኩ።

አልሰጥም ብልስ?

መብታችሁ ነው፤ ማንም አያስገድዳችሁም። ግን ካርዶቹን ይዘጓቸዋል ብላችሁ ጠብቁ። ዕዳው ደግሞ አይሰረዝም። የተጠራቀመ ፖይንትም እንደ ውሉ ሊጠፋ ይችላል። ወረቀታችሁ ንጹሕ ከሆነ ቶሎ መስጠት ነው የሚያዋጣው። በራሳችሁ ጊዜ ልትተዉት ያሰባችሁት ካርድ ከሆነ ባትሰጡም አይገርመኝም።

እስኪጨርሱ ድረስ ካርዱን ስለማልጠቀም አልከፍልም። ትክክል ነኝ?

አይደላችሁም! ካርዱ ቢቆምም ወለዱ ይቆጠራል፣ የመክፈያው ቀንም ይመጣል። በዚህ ጊዜ አንድ ክፍያ ማሳለፍ ከሁሉ የከፋ ስህተት ነው። የምትችሉትን ያህል ክፈሉ፤ ባላንሱ ዝቅ ሲል ለእናንተ ይመሰክራል።

ሰው የሚረሳው ሌላው ነገር በካርዱ ላይ በራሱ የሚቆረጠው ክፍያ ነው። ስልክ፣ የመንገድ ታግ፣ የልጆች ትምህርት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የመኪና ኢንሹራንስ። በመኪናችሁ የምትሠሩ ከሆነ ዛሬውኑ ወደ ሌላ ካርድ ወይም ወደ ባንክ አካውንት ቀይሩት። እኔ ኢንሹራንሴን ያስታወስኩት ሊቋረጥ 2 ቀን ሲቀረው ነው።

ክሬዲት ስኮሬ ይወርዳል?

ምርመራው ራሱ ስኮር፣ ማለትም አበዳሪዎች የሚያዩትን የብድር ነጥብ፣ አይነካም። ሪፖርታችሁ በታየ ቁጥር ይመዘገባል፤ ለግምገማ ሲያዩት የሚመዘገበው ግን ለስላሳው ዓይነት (ሶፍት ኢንኳይሪ) ነው፤ ከእናንተ በቀር ሌላ አበዳሪ አያየውም። ያመለከታችሁባቸው ካርዶች ግን ጠንካራውን ዓይነት (ሃርድ ኢንኳይሪ) አስመዝግበዋል። እነሱ ሪፖርት ላይ 2 ዓመት ይቆያሉ፤ ፋይኮ የሚባለው ዋናው ስኮር የሚቆጥራቸው የመጨረሻውን 12 ወር ብቻ ነው። የቤት ወይም የመኪና ብድር በአጭር ጊዜ ስታወዳድሩ ብዙው እንደ አንድ ይቆጠራል። ለክሬዲት ካርድ ግን እንዲህ ያለ ምሕረት የለም፤ አምስት ማመልከቻ አምስት ነው።

ስኮር የሚጎዳው ከውጤቱ ነው። በድምሩ 20,000 ዶላር ሊሚት ኖሯችሁ 4,000 ዕዳ ካለባችሁ የተጠቀማችሁት 20 በመቶ ነው። 12,000ውን ሊሚት ከዘጉባችሁ ያው 4,000 ዕዳ 50 በመቶ ይሆናል። አንድ ዶላር ሳትጨምሩ ስኮሩ ይወርዳል። ዕዳውን ስትከፍሉ ግን ይመለሳል።

ዘጉብኝ ወይም ሊሚቴን ቀነሱብኝ። ምን መብት አለኝ?

በ1974 የወጣው የእኩል ክሬዲት ዕድል ሕግ አካውንት ሲዘጉባችሁ ወይም ሲቀንሱባችሁ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያሳውቋችሁ ይላል። ምክንያቱን የመጠየቅ መብትም አላችሁ። ይህ ጥበቃ ክፍያ ላዘገየ ወይም ካርዱን ለተወው ሰው አይሠራም፤ እንደ እናንተ ላለው ግን ይሠራል። በዘር፣ በሃይማኖት፣ በትውልድ አገር፣ በፆታ ወይም በትዳር ሁኔታ ማዳላትም በዚሁ ሕግ ክልክል ነው።

ውሳኔው ከክሬዲት ሪፖርት የተነሳ ከሆነ በ60 ቀን ውስጥ ሪፖርቱን በነፃ መጠየቅ ትችላላችሁ። ሪፖርቱን የሚያዘጋጁት ሦስቱ ድርጅቶች፣ ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን፣ በየሳምንቱም በነፃ ይሰጣሉ። ስህተት ካገኛችሁ ተከራከሩ፤ በአብዛኛው በ30 ቀን አጣርተው መመለስ አለባቸው። የስም መመሳሰል ያለን ሰዎች ስለሆንን የሌላ ሰው ዕዳ ገብቶ እንደሆነ በደንብ እዩ።

ሊሚት ቀንሰው በዚያው ምክንያት ከሊሚት በላይ ወጣችሁ ብለው ወዲያው መቅጣትም አይችሉም። ካሳወቋችሁ በኋላ 45 ቀን መጠበቅ አለባቸው።

ስንት ካርድ ነው ብዙ የሚባለው?

የተጻፈ ቁጥር የለም። ቼዝ ባንክ ባለፉት 24 ወራት 5 ወይም ከዚያ በላይ አዲስ ካርድ የከፈተን ሰው አብዛኛውን ጊዜ እንደማይቀበል ካርድ የሚያሳድዱ ሰዎች ሁሉ ያውቃሉ። እኔ በዓመት ከሁለት በላይ አልመክርም። ቤት ልትገዙ ካሰባችሁ ደግሞ ከዓመት በፊት ጀምሮ አንድም አታመልክቱ። ትልቅ ወጪ ስታስቡ፣ ለምሳሌ ለሠርግ ወይም ለቤተሰብ ቲኬት፣ ቀድማችሁ ደውላችሁ ብትነግሯቸው ይረዳል። እኔ ይህን ባደርግ ኖሮ ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ።

ወንድሜ ገና መጥቶ ክሬዲት የለውም። በስሜ ካርድ ላውጣለት?

ፍቅሩ ይገባኛል፤ ግን አይሆንም። ዕዳው የእናንተ ነው፣ የሚመረመረውም የእናንተ ገቢ ነው። ሁለት ሰው በአንድ ሰው ደመወዝ ሲያወጣ ደግሞ ምርመራውን የሚጠራው ዓይነት ወጪ ይመጣል። 300 ዶላር አስይዞ በራሱ ስም ሴኪዩርድ ካርድ ያውጣ። የሚያስይዘውን ስጡት።

ተመርምሬ አለፍኩ። እንደገና ማመልከት የምችለው መቼ ነው?

ክልከላ የለም። ግን ትንፋሽ ውሰዱ። እኔ ወረቀቴን ከላክሁ በኋላ ከቆሙብኝ ሦስት ካርዶች ሁለቱን መለሱልኝ፣ ሦስተኛውን ዘጉት። ሌላ ካርድ ያመለከትኩት ከ14 ወር በኋላ ነው። ገቢ የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ የዓመቱን ታክስ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ 31ኛውን መስመር ገለበጥኩ። የሰጡኝ ሊሚት 3,500 ዶላር ነበር።